ወላጆቻችሁ ሜዲኬርም ሜዲኬይድም አላቸው? ዲ-ስኒፕ ማለት ይሄ ነው

አሜሪካ ያሉ ወላጆቻችሁ ሁለቱም ካርድ ካላቸው ይሄን አንብቡላቸው።

ሜዲኬር ዕድሜያቸው 65 ለሞላና ለአንዳንድ አካል ጉዳተኞች የሚሰጥ የፌዴራል መንግሥት የጤና መድን ነው። ሜዲኬይድ ደግሞ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ነው፤ ወጪውን ፌዴራሉና ስቴቱ ይጋሩታል። ሁለቱም የተቋቋሙት በ1965 እ.ኤ.አ. ነው።

ዲ-ስኒፕ ሁለቱንም ለያዙ ሰዎች የተዘጋጀ የሜዲኬር ፕላን ሲሆን የሚያቀርቡት የግል ኢንሹራንሶች ናቸው። ሐኪም፣ ሆስፒታልና መድኃኒት በአንድ ላይ ይሸፍናል፤ ብዙዎቹ ጥርስና መነጽርም ይጨምራሉ።

ከመፈረማቸው በፊት ግን፦

👉 የለመዱት ሐኪምና የሚወስዱት መድኃኒት ፕላኑ ውስጥ መኖሩን ጠይቁ። ለጥርስ ብለው ፈርመው የልብ ሐኪማቸውን ሊያጡ ይችላሉ።

👉 የሜዲኬይድ ማደሻ ደብዳቤ ሲመጣ እንዳይጣል። ሜዲኬይዱ ከተቋረጠና ቶሎ ካልተመለሰ ከዲ-ስኒፑም ይወጣሉ።

👉 ፕላን የሚሸጥ ኤጀንት ብዙ ጊዜ ኮሚሽን አለው። በየስቴቱ ያለው ሺፕ የተባለው አገልግሎት ግን ምንም ሳይሸጥ በነፃ ያማክራል።

ሜዲኬር ጋ በ1-800-633-4227 ስትደውሉ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ክፍያ የለውም።