የዘራችው ሌላ፣ የተጠራበት ሌላ

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ አበው። የማን ስም እንደሚውል የሚወስነው ግን ሥራ ብቻ አይደለም፤ ሰነድም ነው። እንጀራዬ በባንክ ቤት ስምና ፊርማ ማመሳከር ነውና ይህን ዕለት ዕለት አያለሁ። ነገሩን አጉልቶ ያሳየኝ ግን «ብራምሊ» የሚባለው የእንግሊዞች አሮጌ ፖም ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1809 በኖቲንግሃምሻየር፣ በሳውዝዌል ከተማ፣ ሜሪ አን ብሬይልስፎርድ የተባለች ልጃገረድ የፖም ዘር ዘራች። ከዘሮቹ አንዱ በቅሎ የጓሯቸው ዛፍ ሆነ። ከዘር የበቀለ ፖም እናቱን አይመስልም፤ አብዛኛውም ፍሬው የማይረባ ይሆናል። የሜሪ አን ዛፍ ግን ትልቅ፣ ጠፍጠፍ ያለ አረንጓዴ ፍሬ ሰጠ። ጥሬውን ሲገምጡት ጥርስ ያጠርሳል፤ እሳት ሲነካው ግን እንደ አረፋ ይለሰልሳል፤ ኮምጣጣ ጣዕሙንም አይለቅም። እንግሊዞች ለማብሰያ የሚመርጡት ስለዚህ ነው።

በ1846 ቤቱን ማቲው ብራምሊ የተባለ ባለሉካንዳ ገዛው። በ1856 ሄንሪ ሜሪዌዘር የተባለ ወጣት ችግኝ አፍልቶ ለመሸጥ ከዛፉ ቅርንጫፍ ለመቁረጥ ፈቃድ ጠየቀ። ብራምሊ ፈቀደ፤ ፖሙ በስሙ እንዲጠራ ግን አጥብቆ አሳሰበ። በጥቅምት ወር 1862 በሜሪዌዘር የሒሳብ መዝገብ ላይ ሦስት የብራምሊ ፖም በሁለት ሺልንግ እንደተሸጠ ተጻፈ። የሚታወቀው የመጀመሪያው ሽያጭ ይህ ነው። ሜሪ አን በ1852 አርፋ ስለነበር የዘራችውን ዘር ዝና አልሰማችም።

ብራምሊን አልወቅስም፤ ቤቱን በገንዘቡ ገዝቷል፣ ቅርንጫፉንም አልከለከለም። ቢከለክል ኖሮ ፖሙ ምናልባት ከአንድ ጓሮ ሳይወጣ በቀረ ነበር። እናቱን የዛፉን ግንድ በ1900 ዐውሎ ነፋስ ጣለው፤ ከወደቀበት ግን ዳግመኛ አቈጥቍጦ ከመቶ ዓመት በላይ አፈራ። በዚህ ምዕተ ዓመት ደግሞ ሥር የሚያበሰብስ ፈንገስ ያዘው።

ሆኖም የብራምሊ ዛፍ ሁሉ የሚራባው ከቀድሞው ዛፍ በተወረሰ ቅርንጫፍ ነው፤ ቅርንጫፉ በሌላ ግንድ ላይ ይጣበቃል እንጂ ከዘር አይበቅልም። ስለዚህ በየአትክልቱ ስፍራ የቆመው ያው የ1809ኙ አካል ነው። መዝገቡ የገዢውን ስም አስቀርቷል፤ እኔም መዝገብ አክባሪ ነኝ። ስሙን ባነበብሁ ቁጥር ግን ከጎኑ ባዶ የቀረውን የዘሪዋን መስመር በልቤ እሞላዋለሁ፦ ሜሪ አን ብሬይልስፎርድ።