ከኩራዝ እስከ ሴሪየም

ምሽት ላይ ከሶዶ ከተማ ወጣ ብሎ ወደ ዳሞታ ተራራ ግርጌ የተመለከተ ሰው ሁለት ዓይነት ብርሃን ያያል። አንደኛው የከተማው መብራት ነው። ሁለተኛው በእንሰቱ መካከል እዚህም እዚያም ብልጭ የምትል፣ ቀን የፀሐይ ኃይል አጠራቅማ ማታ የምትበራ ትንሽ ፋኖስ ናት። ትናንት በዚያው ቤት የነበረው ጣሪያ የሚያጠቁረው፣ የተማሪ ዓይን የሚያስለቅሰው ኩራዝ ነው። ሠርግ ወይም ለቅሶ ሲሆን ደግሞ እየተነፋ የሚበራው ማሾ ይመጣል። ለመሆኑ ከኩራዝ ወደ ማሾ፣ ከማሾም ወደዛሬዋ ፋኖስ ያሸጋገረን ምንድን ነው?

መልሱ ያለው ብርቅዬ የምድር ንጥረ ነገሮች በሚባሉት ብረቶች ታሪክ ውስጥ ነው። ስማቸው ብርቅዬ ይሁን እንጂ ከመካከላቸው ሴሪየም በምድር ቅርፊት ውስጥ ያለው መጠን ከመዳብ ጋር የሚቀራረብ ነው። ያስቸገረው መንትያ እስኪመስሉ ድረስ ተመሳስለው አንዱን ከሌላው መለየቱ ነበር። ኦስትሪያዊው ካርል አወር እ.ኤ.አ. በ1891 በቶሪየም ኦክሳይድ ላይ 1 በመቶ ያህል ሴሪየም ኦክሳይድ ጨምሮ በእሳት ላይ ደምቃ የምትነጣ ከረጢት ሠራ። በማሾ ውስጥ የምትንጠለጠለው ነጭ ከረጢት የዚያች ዘር ናት።

ሌላው የታሪኩ መስመር ከድንጋይ ይነሣል። ፍሎራይት የካልሲየምና የፍሎሪን ክሪስታል ነው፤ ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ሆኖ ይፈካል። በካምብሪጅ ያስተምር የነበረው ጆርጅ ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1852 ይህን መሰሉን ፍካት ከድንጋዩ ስም ወስዶ «ፍሎረሰንስ» አለው። በየቢሮው «ፍሎረሰንት» የምንለው አምፖልም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። በድንጋዩ ውስጥ ተሸሽጎ የሚያበራው በአብዛኛው ጥቂት ዩሮፒየም መሆኑ የታወቀው ግን ቆይቶ ነው፤ ፈረንሳዊው ደማርሴ ዩሮፒየምን ለይቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1901 ነበርና።

ነገሩን በወላይታ ቤት እንመስለው። እንሰት የከበበው ቤት ውጭ ነፋስ ቢነሣ እንኳ ውስጡ ጸጥ ያለ ነው። የአብዛኞቹ ብርቅዬ አቶሞች ብርሃን ሰጪ ኤሌክትሮኖችም በውጪዎቹ ተከልለው ስለሚኖሩ የክሪስታሉ ግፊት ብዙም አይደርስባቸውም። ቀለማቸው ጥርት ያለው በዚህ ምክንያት ነው። የፍሎራይድ ክሪስታል ደግሞ ንዝረቱ ዝግ ያለ በመሆኑ የተቀበሉት ጉልበት በሙቀት እንዳይባክን ይረዳል። ከመጀመሪያዎቹ ሌዘሮች አንዱ፣ ሶሮኪንና ስቲቨንሰን በአይቢኤም የሠሩት፣ ሳማሪየም የተጨመረበት ካልሲየም ፍሎራይድ ነበር።

የፍሎራይቱ ዩሮፒየምና የፋኖሱ ሴሪየም ግን ጠባያቸው ለየት ይላል፤ ኤሌክትሮናቸው ከአጥሩ ወጥቶ የጎረቤቱን ግፊት ስለሚቀበል ቀለማቸው ሰፊ ነው። የጃፓኑ ኒቺያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 ለገበያ ያቀረበው ነጭ መብራት በዚህ ጠባይ ይሠራል። ሰማያዊ በምትሰጥ ቅንጣት ላይ ሴሪየም ያለበት ስስ ሽፋን ይደረጋል፤ ሽፋኑ ከሰማያዊው ከፊሉን ወስዶ ቢጫ አድርጎ ይመልሳል፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ዓይናችን ነጭ ብሎ ያያቸዋል።

እዚህ ላይ ወደ ወላይታ እንመለስ። በወላይታና በዳውሮ መካከል ኦሞን የገደበው ግልገል ጊቤ ሦስት፣ 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ከሶዶ የሚነሣው ሌላ መስመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ በ2015 ዓ.ም. ለኬንያ ኃይል ማድረስ ጀመረ። ከሽቦው ሥር ግን ዛሬም በዚያች ትንሽ ፋኖስ የሚያመሽ የገጠር ቤት አለ።

ፋኖሷ ስትበላሽ ሌላ ትገዛለች። ለምን እንደበራች የሚጠይቅ ካልተገኘ ግን ብርሃኑ ሁልጊዜ የተገዛ ሆኖ ይቀራል። ሶዶ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ አላት። ስቶክስ ምርምሩን የጀመረው በፀሐይ ብርሃንና በብርጭቆ ፕሪዝም ነበር፤ ፀሐይዋ ደግሞ ከዳሞታ ርቃ አታውቅም።