የምርመራ ራዲዮሎጂ ስፔሻሊስት ሐኪሞች የሥልጠና መስፈርት እና ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

የምርመራ ራዲዮሎጂ በራጅ፣ በአልትራሳውንድ፣ በሲቲ ስካን፣ በኤምአርአይ እና በማሞግራፊ የሰውነትን ውስጣዊ ክፍል በማየት በሽታን የሚለይ የሕክምና ዘርፍ ነው። የተነሣው ምስል ብቻውን የምርመራ ውጤት አይደለም፤ ውጤት የሚባለው ምስሉን የመረመረው ሐኪም ያየውን እና የደረሰበትን ድምዳሜ አስፍሮ የፈረመበት ሪፖርት ነው። ይህ ጽሑፍ ሪፖርቱን የሚያዘጋጀው ሐኪም የሚያልፍበትን ሥልጠና፣ ሊያሟላ የሚገባውን መስፈርት እንዲሁም ተገልጋዮች በምርመራ ጊዜ ሊያደርጉት የሚገባውን ያብራራል።

1. በምስል ምርመራ ክፍል የሚያገለግሉ ባለሙያዎች

በምርመራ ክፍሉ ተገልጋዩን የሚቀበለው እና መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው በአብዛኛው የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት ነው። ይህ ባለሙያ በሙያው የተመረቀ ሲሆን፣ ኃላፊነቱ ተገልጋዩን በትክክለኛው አቀማመጥ ማዘጋጀት፣ የጨረራውን መጠን መወሰን እና ጥራት ያለው ምስል ማንሣት ነው።

ራዲዮሎጂስት ደግሞ ምስሉን የሚተረጉም ስፔሻሊስት ሐኪም ነው። ከዚህም በተጨማሪ በምስል እየተመራ በመርፌ ናሙና ይወስዳል፤ የተጠራቀመ ፈሳሽ ወይም መግል ያስወጣል። በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ለእርግዝና ክትትል የሚሰጠው ውስን የአልትራሳውንድ ምርመራ አጭር ሥልጠና በወሰዱ አዋላጆች የሚከናወን ሲሆን፣ ዓላማውም የፅንሱን ሕይወት፣ ቁጥር፣ አቀማመጥ እና የመሳሰሉትን ለይቶ አጠራጣሪ ሁኔታ ሲያጋጥም ወደ ሆስፒታል መላክ ነው። ይህ አገልግሎት የራዲዮሎጂስትን የተሟላ ምርመራ አይተካም።

2. ወደ ሥልጠናው ለመግባት የሚያስፈልጉ መስፈርቶች

አመልካቹ በቅድሚያ የሕክምና ዶክተር መሆን አለበት። መደበኛው የሕክምና ትምህርት የተግባር ልምምድ ዓመቱን ጨምሮ ስድስት ዓመት ገደማ ይወስዳል። ከዚህ በኋላ አመልካቹ፦

ሀ. የሙያ ብቃት ምዘናውን አልፎ በጠቅላላ ሐኪምነት የመሥራት ፈቃድ ያገኛል፤
ለ. አገር አቀፉን የሬዚደንሲ መግቢያ ፈተና ይወስዳል፤
ሐ. በፈተናው ውጤት፣ በምርጫው እና ባለው የቅበላ ቦታ መሠረት በሕክምና ዘርፍ እና በሥልጠና ተቋም ይመደባል።

በክልል ጤና ቢሮ፣ በዩኒቨርሲቲ ወይም በሌላ መሥሪያ ቤት ስፖንሰርነት የሚገባ ሰልጣኝ ሥልጠናውን ሲያጠናቅቅ ተመልሶ ለማገልገል ውል ይገባል። የውሉ ዓላማ የስፔሻሊስት አገልግሎት በትልልቅ ከተሞች ብቻ ሳይወሰን ለሌላውም የኅብረተሰብ ክፍል እንዲደርስ ማስቻል ነው።

3. የሥልጠናው ቆይታ እና ይዘት

የራዲዮሎጂ ሬዚደንሲ አራት ዓመት ገደማ ይወስዳል። ሥልጠናው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ በጎንደር እና በጅማ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲሁም በሌሎች የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ይሰጣል።

ሰልጣኙ በመጀመሪያ የጨረራ ፊዚክስን፣ የሰውነት አካላትን በምስል የማወቅ ትምህርትን፣ መደበኛ ራጅን እና አልትራሳውንድን ያጠናል። ቀጥሎም ሲቲ ስካንን፣ ኤምአርአይን፣ የጡት ምርመራን፣ የሕፃናት ራዲዮሎጂን፣ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ምርመራን እንዲሁም በምስል የሚመሩ ሕክምናዎችን በየተራ ይማራል። በሥልጠናው ዘመን ሁሉ በየዕለቱ የታካሚዎችን ምስል ያነባል፤ ሪፖርቱንም ልምድ ያለው ራዲዮሎጂስት ያርመዋል። ለመመረቅም የጽሑፍ፣ የቃል እና የምስል ንባብ ፈተናዎችን ማለፍ፣ የጥናት ሥራም ማቅረብ ይጠበቅበታል።

4. ሥልጠናው ረጅም የሆነበት ምክንያት

የተለያዩ በሽታዎች በምስል ላይ ተመሳስለው ሊታዩ ይችላሉ። በደረት ራጅ ላይ የሚታይ ጥላ በሥራ ላይ ያለ የሳንባ ነቀርሳ፣ ከዓመታት በፊት የዳነ ነቀርሳ ጠባሳ ወይም ዕጢ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ለወራት የሚወሰድ መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ ሁለተኛው ሕክምና ላያስፈልገው ይችላል፤ ሦስተኛው ግን ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ራዲዮሎጂስቱ እነዚህን ለመለየት ከቀድሞ ፊልም ጋር ያነጻጽራል፤ የታካሚውን የሕመም ታሪክ ይመለከታል፤ አስፈላጊ ሲሆንም ተጨማሪ ምርመራ ይጠቁማል።

በስትሮክ ጊዜ ደግሞ ሕክምናው የሚመረጠው በሲቲ ስካን ንባብ ላይ ተመሥርቶ ነው። የአንጎል የደም ሥር ተዘግቶ ለተጎዳ ሰው የሚሰጠው የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት፣ አንጎሉ ውስጥ ደም ለፈሰሰበት ሰው ሕይወት የሚያጠፋ ሊሆን ይችላል። የፈሰሰ ደም በሲቲ ስካን ቶሎ ይታያል፤ የደም ሥር መዘጋት ያስከተለው ጉዳት ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጎልቶ ላይታይ ይችላል። ጤናማ የሚመስለውን ምስል በጥንቃቄ መርምሮ ጥቃቅን ምልክቶችን መለየት የሚቻለው በርካታ ምስሎችን በአሠልጣኝ ክትትል ሥር በማንበብ ብቻ ነው።

5. የጨረራ ደኅንነት

አልትራሳውንድ እና ኤምአርአይ አዮን ፈጣሪ ጨረራ አይጠቀሙም። ራጅ፣ ማሞግራፊ እና ሲቲ ስካን ግን ይጠቀማሉ፤ መጠኑም ከምርመራ ምርመራ ይለያያል። አንድ ሰው በዓመት ከተፈጥሮ ምንጮች የሚደርሰው ጨረራ በዓለም አቀፍ አማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ነው። የአንድ የደረት ራጅ መጠን 0.1 ሚሊሲቨርት ወይም ከዚያ ያነሰ ሲሆን፣ የሆድ ሲቲ ስካን ደግሞ 8 ሚሊሲቨርት አካባቢ ይደርሳል።

ስለዚህ ራዲዮሎጂስቱ ምርመራው አስፈላጊ መሆኑን፣ ያለ ጨረራ በሌላ መንገድ ሊከናወን መቻሉን እና መጠኑ በተቻለ መጠን መቀነሱን እንዲመዝን ይሠለጥናል። ሕፃናት ለጨረራ ይበልጥ ተጋላጭ በመሆናቸው የተለየ ጥንቃቄ ይደረግላቸዋል።

6. ከምረቃ በኋላ የሚጠበቁ ግዴታዎች

ሥልጠናውን ያጠናቀቀ ሐኪም በስፔሻሊቲው ተመዝግቦ የሙያ ፈቃድ ያወጣል። ፈቃዱ በየጊዜው የሚታደስ ሲሆን፣ ለዕድሳቱም ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና መውሰዱን ማረጋገጥ ይኖርበታል። በአንድ ክፍል ላይ ጠልቆ መሥራት የሚፈልግ ራዲዮሎጂስት ተጨማሪ የሰብ ስፔሻሊቲ ሥልጠና ይወስዳል። በውጭ አገር የሠለጠነ ሐኪም በበኩሉ የትምህርት ማስረጃውን አቻ ግምት አሠርቶ የሙያ ፈቃድ መጠየቅ ይገባዋል።

7. ከተገልጋዮች የሚጠበቅ ጥንቃቄ

• ምርመራውን ያዘዘው ሐኪም የሕመሙን ምልክትና የሚጠረጥረውን በማዘዣው ላይ በግልጽ መጻፉን ማረጋገጥ፤
• የቀድሞ ፊልሞችን፣ ሲዲዎችን እና ሪፖርቶችን ይዞ መቅረብ፤
• እርጉዝ የሆነች ወይም የምትጠረጥር ሴት ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ማሳወቅ፤
• ኮንትራስት የሚባለው መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት የአለርጂ፣ የኩላሊት ወይም የስኳር ሕመም ካለ እንዲሁም የሚወሰዱ መድኃኒቶችን መናገር፤
• በሰውነት ውስጥ የልብ ምት ማስተካከያ ወይም ሌላ ብረት ነክ መሣሪያ ካለ ኤምአርአይ ከመነሣት በፊት መግለጽ፤
• ውጤት ሲረከቡ ከምስሉ ጋር የሐኪሙ ስም እና ፊርማ ያለበት ሪፖርት መቀበል፤
• ሪፖርቱን ወደ አዘዘው ሐኪም መልሶ መውሰድ።

ተገልጋዩ ሪፖርቱን ያዘጋጀው ሐኪም ማን እንደሆነ እና በዘርፉ ፈቃድ ያለው መሆኑን መጠየቅ ይችላል። ፊልሙን ብቻ ይዞ ከተቋም ወደ ተቋም መዘዋወር ለተደጋጋሚ ጨረራ፣ ለአላስፈላጊ ወጪ እና ለሕክምና መዘግየት ስለሚዳርግ፣ ምስሉን እና ሪፖርቱን በአንድነት መያዝ ይገባል።