የሐረሩ ገብረ ክርስቶስ ደስታ፦ ረቂቅ ሥዕል ባዕድ ነበርን?

በሐረር ከተማ፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ ከቆዩት የሐረሪ ቤቶች አንዱን የረገጠ እንግዳ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በነደባዎቹና በግድግዳው ላይ ነው። ነደባዎቹ፣ ማለትም ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩት መቀመጫዎች፣ በቀይ አፈር ተቀብተዋል። ከበላያቸው የሴቶች እጅ ሥራ የሆኑ ስፌቶች በረድፍ ተሰቅለዋል፤ ከመሐል ተነሥቶ እየዞረ የሚሰፋ ክብ፣ በክቡ ውስጥ እርስ በርስ የሚሳሳቡ ሦስት ማዕዘኖች፣ ቀይ በጥቁር ላይ፣ ቢጫ በአረንጓዴ ላይ። ሰው የለበትም፤ አውሬም ዛፍም የለበትም። ይህ በመሆኑም ጎደለው የሚል የለም።

በዚችው ከተማ በ1924 ዓ.ም. የተወለደው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ግን አድጎ በሸራ ላይ ቀለምና ቅርጽ ብቻ ማስፈር፣ ማለትም ረቂቅ ሥዕል መሥራት ሲጀምር፣ ሥራው ከፈረንጅ የተቀዳ ነው የሚል ወቀሳ ተከተለው። ወቀሳው ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። የሕይወቱ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ይናገራል።

አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ ብራና ላይ ይጽፉና ያስጌጡም ነበር። በግዕዝ መጻሕፍት ገጽ አናት ላይ የሚሳለውን ሐረግ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ መስመር ከመስመር እየተጠላለፈ የሚሄድ፣ ታሪክ የማይተርክ፣ ለዓይን ብቻ የተሠራ ጌጥ ነው። እንግዲህ ልጁ ባደገበት ቤት ቀለም የሚበጠበጠው ለቅዱሳን ሥዕል ብቻ አልነበረም።

ልጅነቱ ግን ሰላም አልነበረውም። ገና የአራት ዓመት ገደማ ሕፃን ሳለ፣ በመጋቢት 1928 ዓ.ም.፣ የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች ሐረርን በቦምብ ደበደቡ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ከተማይቱ ተያዘች፤ ነፃ የወጣችው በ1933 ዓ.ም. ነው። ገብረ ክርስቶስ በሐረር ራስ መኰንን ትምህርት ቤት ተምሮ ወደ አዲስ አበባ መጣ። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም ሳይንስ ማጥናት ጀምሮ ነበር፤ ግን አልጨረሰውም። ልቡ ያለው ሥዕል ላይ ነበርና።

እ.ኤ.አ. በ1957 የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ምዕራብ ጀርመን፣ ኮሎኝ ከተማ ገባ። ጊዜው ጀርመኖች ከጦርነቱ ፍርስራሽ ላይ ከተማቸውንም ጥበባቸውንም እንደገና የሚገነቡበት ነበር። የናዚ መንግሥት ዘመናዊውን ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1937 «የዘቀጠ ጥበብ» ብሎ ከየሙዚየሙ አውጥቶት ነበርና፣ ለወጣቶቹ ሠዓሊያን ረቂቅ ሥዕል የነፃነት መገለጫ ሆኖላቸዋል። ገብረ ክርስቶስ በኮሎኝ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እስከ እ.ኤ.አ. 1961 ድረስ በዚህ መንፈስ ውስጥ ተማረ፤ ሥራውንም በዚያው ከተማ ለሕዝብ አሳየ።

ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት ይህ ትምህርት ቤት ገና ጥቂት ዓመት ያስቆጠረ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ያቀረበው ኤግዚቢሽን የከተማውን ተመልካች ለሁለት ከፈለ። አንዱ ወገን አዲስ ዘመን መጣ ሲል፣ ሌላው ራሱን ነቀነቀ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ለለመደ ዓይን፣ የነገሥታትን ምስልና የዐድዋን ጦርነት ለሚጠብቅ ተመልካች፣ የሚነበብ ታሪክ የሌለው ሸራ ግራ ቢያጋባ አይደንቅም።

በዚያው ዘመን የሠራውን «ጎልጎታ»ን እንውሰድ። ርእሱ በየቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ የምናውቀው ስቅለት ነው። አሣሣሉ ግን ሌላ ነው። ጎላ ጎላ ያለው ዓይን፣ በጥቁር መስመር የተከበበው ፊት፣ እንባዋን የምታብስ እናት የሉበትም። መከራውን የሚሸከመው ቀለሙ ነው፤ በተለይም ቀዩ። የአለቃ ደስታ ልጅ የአባቱን ሃይማኖታዊ ጉዳይ አልተወውም፤ የሚነገርበትን መንገድ እንጂ።

በነገሩ የተስማማውም ያልተስማማውም ችሎታውን መካድ ግን አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት የሥነ ጥበብ ሽልማት ተሰጠው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ይህንኑ ሽልማት የወሰደው የዕድሜ እኩያው ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ከፓሪስ ተመልሶ በዚያው ትምህርት ቤት ሲያስተምር፣ ሁለቱ የአንድ ትውልድ ሠዓሊያንን ዓይን ከፈቱ። እስክንድር ወደ ጠልሰምና ወደ ጥንታዊ ምልክቶች ሲያዘነብል፣ ገብረ ክርስቶስ ቀለምና ቅርጽ ያለ ተርጓሚ እንዲናገሩ አደረገ።

ሸራው ላይ ዝምተኛ የሚመስለው ይህ ሰው በብዕሩ ግን አንደበተ ርቱዕ ነበር። «ሀገሬ» የተሰኘው ግጥሙ ሥዕሎቹን ዓይተው በማያውቁ ሰዎች ዘንድ እንኳ የታወቀ ነው። «የጠፈር ባይተዋር»ን የመሳሰሉት ደግሞ ከተለመደው የአማርኛ ግጥም ርእስ ርቀው ወደ ሰማይ ይወጣሉ። ግጥሞቹ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርእስ በአንድ መጽሐፍ ተሰብስበው የታተሙት እሱ ካረፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

አብዮቱ ፈንድቶ ደርግ ሥልጣን ከያዘ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ገብረ ክርስቶስ ከአገር ወጣ። ስደቱ በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ ግዛት፣ በላውተን ከተማ አበቃ። መጋቢት 21 ቀን 1973 ዓ.ም. በዚያው አረፈ፤ ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ሙኒክ በሚገኝ ሙዚየም ተቀምጠው የነበሩ ሥዕሎቹ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ፣ በስሙ የተሰየመ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየምም እ.ኤ.አ. በ2008 ተከፍቷል።

ወደ ትውልድ ከተማው ስንመለስ፣ ሐረር እንግዶቿን ይዛ ከምትሄድባቸው ቦታዎች አንዱ የራምቦ ቤት ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ሐረር የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1880 ሲሆን፣ ያኔ ግጥም መጻፉን ከተወ ዓመታት አልፈው ነበር፤ የመጣው ቡናና ሌላ ሸቀጥ ሊነግድ ነው። ከተማይቱ ለመጣው ነጋዴ ይህን ያህል ክብር ስትሰጥ፣ ከራሷ የወጣውን ባለቅኔና ሠዓሊ ስም ከራምቦ ስም እኩል ብታነሣ ያምርባታል። የእንግዳ አስጎብኚው ከጀጎል ቤት ግድግዳ ላይ ያንን ስፌት ሲያሳይ «ረቂቅ ሥዕልን ለኢትዮጵያ ያስተዋወቀው ሰው የተወለደውም እዚሁ ከተማ ነው» ብሎ ቢያክልበት፣ የባዕድነቱ ወቀሳ ግማሽ መልስ እዚያው ይገኛል።