ኪራዩ ሳይጨምር ጣሪያው ዘመመ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የሚታወሰው በወሰደው ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ለመሥሪያውም ከ500 ካሬ ሜትር ያልበለጠ ቦታ ተወለት። የተወረሰበት እስከ ዛሬ ያማርራል፣ ኪራይ የቀነሰለት ያመሰግናል፤ ክርክሩም በዚሁ ላይ ቆሞ ቀርቷል። አዋጁን ዘልቆ ላነበበው ግን ብዙም የማይነሣ አንድ ድንጋጌ አለ። ቀበሌው ከሚሰበስበው ኪራይና ከመንግሥት ከሚያገኘው ድጎማ ወጪ እያደረገ ዋጋቸው የማይከብድ ቤቶችን እንዲሠራ፣ የነዋሪውንም ኑሮ እንዲያሻሽል ሥልጣን ይሰጠዋል። ቀበሌ የታሰበው አከራይ ብቻ እንዲሆን አልነበረም፤ ቤት ሠሪም እንዲሆን ነበር።

አዋጁ ለአዲስ አበባ ብቻ የወጣ ሕግም አይደለም። የጋይንት አውራጃ ዋና ከተማ የነበረችው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ብርድ የሚወቅራት ነፋስ መውጫ፣ የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ፣ የስማዳዋ ወገዳም በዚሁ የከተማ ሕግ ሥር የሚታዩ ነበሩ። በዙሪያቸው ያለው ባላገር ከዚህ አዋጅ አምስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ የካቲት 25 ቀን፣ የገጠር መሬት አዋጅን ሰምቶ ነበር። በእንዲህ ዓይነት የገበያ ከተማ አከራይ ሲባል ባለ ብዙ ፎቅ መኰንን አይምሰለን፤ ጠላ እየጠመቀች ከመኖሪያዋ ጎን ያለችውን ክፍል የምታከራይ ባልቴትም አከራይ ነበረች። ሕጉ ይህን ሳያስብ አልቀረም፤ ከኪራይ በቀር መተዳደሪያ ለሌለው ሰው ወርኃዊ አበል እንዲከፈል ደንግጓል።

የቤቶቹ ክፍፍል በገንዘብ ተለካ። በወር ከ100 ብር በላይ የሚከራየው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄደ፤ እስከ 100 ብር ያለው ለቀበሌ ቀረ። ውጤቱ ግልጽ ነው፤ ድንጋይና ሲሚንቶው ወደ አንዱ፣ ጭቃና ባሕር ዛፉ ወደ ሌላው ተደለደለ። በወረዳ ከተማ መቶ ብር የሚያወጣ ቤት ብርቅ ስለነበር፣ እዚያ የመንግሥት ቤትና የቀበሌ ቤት አንድ ነገር ለመሆን ትንሽ እንደቀራቸው መገመት አያዳግትም።

ቀጥሎ የኪራይ ቅናሹ መጣ። አዋጁ ኪራይን ከ15 እስከ 50 በመቶ ቀነሰ፤ ትልቁ ቅናሽ ለዝቅተኛው ኪራይ ነው። ለድሃው እፎይታ መሆኑን መካድ ግፍ ነው። ሒሳቡን ግን እንቁጠረው። አሥር ብር ይከፈልበት የነበረ ቤት አምስት ብር ሆነ እንበል። እንዲህ ያለ 100 ቤት ያለው ቀበሌ በወር 500፣ በዓመት 6,000 ብር ይሰበስባል። ከዚህ ላይ የጸሐፊና የዘበኛ ደመወዝ ይነሣል። የሚተርፈው ምስጥ የበላውን ምሰሶ ለመቀየር፣ የዛገ ቆርቆሮ ለመለወጥ እንኳ አይበቃም፤ አዲስ ቤት መሥራትማ የት ተደርሶ! ተከራዩ በበኩሉ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘቡን አያፈስም፤ ላፍስስ ቢልም ያለ ቀበሌው ፈቃድ ግድግዳ አይነካም። ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት ባለበት ረጋ፤ የብር አቅም ወረደ፤ ቤቱም አብሮ ዘመመ። እኔ እንደማየው የቀበሌው ቤት ሠሪነት የሞተው በጦርነቱና በረሀቡ ዘመን አይደለም፤ ገና ሲወለድ እዚያው አዋጅ ውስጥ ነው። አንዱ አንቀጽ ሥራ ብሎ ያዘዘውን ሌላው አንቀጽ ስንቅ ነሳው።

መንግሥት ቤት ሲሠራ ያኔ የመጀመሪያው አልነበረም። የአዲስ አበባው ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያን ለራሱ የመንግሥት ሠራተኞች ካሠራቸው ቤቶች ነው፤ ፖፖላሬም ከዚያው ዘመን የሕዝብ መኖሪያ ስያሜ የተረፈ ነው። ሁለቱም ለደሳሳ ሰፈር ነዋሪ የታሰቡ አልነበሩም።

በደርግ ዘመን የተለየ መንገድ የታየው በአዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ በከፍተኛ 4 ቀበሌ 41 ነው። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ሬድ ባርና የተባለው የኖርዌይ ሕፃናት አድን ድርጅት ሰፈሩን ሳያፈርስ፣ ነዋሪውን ሳያስነሣ ማደስ ጀመረ፤ ቤት ጠገነ፣ መጸዳጃና ማድቤት ሠራ፣ መተላለፊያ አበጀ። ሥራውን የመሩት ወይዘሮ ጀምበር ተፈራ ከአምስት ዓመት እስር የወጡ ሰው ነበሩ፤ በኋላም ያንኑ አሠራር በአጎራባች ቀበሌዎች ቀጠሉበት። እድሩ አልተበተነም፣ ባለጉሊቷም ከደንበኞቿ አልራቀችም። ያም ሆኖ ሥራው በጥቂት ቀበሌዎች ተወስኖ ቀረ፤ ገንዘቡም ከኪራይ ሳይሆን ከባሕር ማዶ የመጣ ነበር።

በ1995 ዓ.ም. አቶ አርከበ ዕቁባይ የመሩት የአዲስ አበባ ጊዜያዊ አስተዳደር ሥራ ሲጀምር አቅጣጫው ተለወጠ። አዋጅ ቁጥር 370/1995 ለኮንዶሚኒየም ሕጋዊ መሠረት ጣለ፤ ጂ.ቲ.ዜድ የተባለው የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ወጪ ቆጣቢ የግንባታ ዘዴ ይዞ ቀረበ፤ ሙከራው በቦሌ ገርጂ ተሠራ። ቀጥሎ የመጣው አገር አቀፍ መርሐ ግብር 400,000 ቤት ለመገንባት አቀደ፤ እስከ 2002 ዓ.ም. የተሠራው 171,000 ገደማ ነው። ትንንሾቹ ቤቶች ከወጪያቸው ባነሰ ዋጋ ተሸጡ፣ ትልልቆቹና ሱቆቹ ጉድለቱን እንዲሞሉ ታሰበ። ቤቱ የሚታደለው በዕጣ ሲሆን ከዕጣው 30 በመቶ ለሴቶች ተለየ። በየግቢው እንጀራ የሚጋገርበት፣ የበዓል በግ የሚታረድበት የጋራ ቤት መሠራቱ የዕቅድ አውጪዎቹን አስተዋይነት ያሳያል። ቅድሚያ ክፍያው ግን 20 በመቶ ነበር፣ ቀሪው የባንክ ብድር። አምስት ብር ኪራይ ሲከፍል የኖረ ሰው ዕጣ ቢወጣለትም ቁልፉን ከመረከቡ በፊት ገንዘብ መቁጠር ነበረበት። ብዙዎች የደረሳቸውን አከራይተው ራሳቸው በርካሽ ቤት ተከራይተው ኖሩ።

መርሐ ግብሩ በክልሎች ከአምሳ ወደሚበልጡ ከተሞች ተዳርሶ ነበር፤ በ2002 ዓ.ም. ገደማ ግን ከአዲስ አበባ ውጭ ተቋረጠ። ገዢው የመክፈል አቅም አልነበረውም፤ ፎቅ ላይ መኖሩም አልተወደደም። በርበሬ የሚሰጣበት፣ ዶሮ የምትውልበት ግቢ የለመደ ቤተሰብ ደረጃ ወጥቶ ለመኖር አለመጓጓቱ አያስገርምም።

በአዲስ አበባ ማፍረስና መገንባት እጅና ጓንት ሆኑ። በልደታ፣ ሰንጋ ተራና ፍርድ ቤት አካባቢ 26 ሄክታር ሲጸዳ የቀበሌ ቤት ተከራዮች ሁለት ምርጫ ቀረበላቸው፤ ቅድሚያ ክፍያውን ከፍለው ኮንዶሚኒየም መውሰድ፣ ወይም በሌላ ሰፈር ምትክ ቤት መቀበል። መክፈል ያልቻለው ሁለተኛውን መረጠ። የተሰጠውም በ1967ቱ አዋጅ የተወረሰ ሌላ የጭቃ ቤት ነበር፤ ኪራዩም ያው የቀበሌ ኪራይ።