ምላጭና መላጫ፦ በብቸናና በሞጣ የአንድ ዕቃ የስም ታሪክ

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ጢሜ ገና ማቆጥቆጥ በጀመረበት ጊዜ፣ ብቸና ከተማ ውስጥ ከሚገኝ አንድ ሱቅ ገብቼ «ምላጭ ይስጡኝ» አልሁ። ባለሱቁ በስስ ወረቀት የተጠቀለለች ትንሽ ነገር ከሣጥን አውጥተው ሰጡኝና ዋጋዋን ተቀበሉ። ቤት ገብቼ ወረቀቱን ብፈታው ግራና ቀኝ ጠርዟ የተሳለ፣ መያዣ የሌላት፣ እንደ ቅጠል የሳሳች ብረት ሆና አገኘኋት። በሁለት ጣቴ ይዤ ጉንጬን ለመላጨት ብሞክር ከጢሜ አስቀድሞ አውራ ጣቴ ቆሰለ። በማግሥቱ ተመልሼ «አያ፣ ይህ ነገር በምን ይያዛል?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «አንተ ልጅ፣ ምላጭ አልኸኝ፤ ምላጭ ሰጠሁህ። መላጫውን ፈልገህ እንደ ሆነ መላጫ አትልም ኖሯል?» ብለው ሳቁብኝ።

ያን ጊዜ ነገሩ የልጅነት ስሕተት ብቻ መስሎኝ ነበር። ኋላ ለመዝገበ ቃላት ሥራ የቃላት ካርድ ስጽፍ ግን፣ ባለሱቁ በአንድ ዓረፍተ ነገር የለዩትን ነገር እኛ በጽሑፍ ገና አጥርተን እንዳልለየነው ተረዳሁ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የሁለቱን ስሞች ታሪክ፣ ከቃላቱ ብቻ ሳይሆን ከዕቃውም አያያዝ ጋር እያገናዘብሁ ለመመልከት እሞክራለሁ።

«ምላጭ» የሚለው ስም ላጨ ከሚለው ግሥ የተገኘ የመሣሪያ ስም ነው። ግሡ በግእዝ ላጸየ ይባላል። የግእዝ «ጸ» በአማርኛ ብዙ ጊዜ ወደ «ጠ» እንደሚለወጥ ጽሕም ጢም፣ ጸጒር ጠጉር ከመባላቸው እንረዳለን። በላጸየ ግን ከ«ጸ» ቀጥላ «የ» ስላለች፣ ይህች ፊደል ስትጠፋ ከፊቷ ያለውን ድምፅ ወደ ላንቃ ስባ «ጨ» አድርጋዋለች። መልኩ ለዚህ ቅርብ የሆነው ላጠ የመጣው ከሌላ ግሥ፣ ከለሐጸ ነው፤ በዚያ ውስጥ «የ» ስለሌለች «ጠ» እንደ «ጠ» ቀርታለች። እንግዲህ ድንች የሚልጥና ጢም የሚላጭ ሰው ሥራቸው ቢመሳሰልም ግሣቸው ዘመድ አይደለም።

ከላጨ ሁለት የመሣሪያ ስሞች ወጥተዋል። ምላጭ የተሠራው ምላስን ከላሰ፣ ምንጣፍን ከአነጠፈ ባስገኘው በጥንቱ በ«ም» በሚጀምር ስልት ነው። ይህ ስልት ዛሬ አዲስ ስም ለመውለድ እምብዛም አያገለግልም፤ የወለዳቸው ስሞች እንደ ረጋ ወተት ጸንተው ቀርተዋል። መላጫ ግን መቍረጫ፣ መጥረጊያ፣ መውቂያ እንደሚባለው፣ ማንኛውም አማርኛ ተናጋሪ ከማንኛውም ግሥ ሊሠራው በሚችለው ሕያው ስልት የተገኘ ነው። አንድ አዲስ ዕቃ በሁለት ክፍል ተከፍሎ ሲመጣ፣ የጥንቱ ስም ለስለቱ፣ ሕያው ስልት የሠራው ስም ለመያዣው መዋሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምክንያቱን ከታች እንመለከተዋለን።

ከብረት ምላጭ በፊት የድንጋይ ስለት ነበረ። «ባልጩት» የምንለው ጥቁር፣ ብርጭቆ የሚመስል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲሰበር የሚሰጠው ጠርዝ ከብዙ ብረት ይልቅ የሰላ ነው። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ፣ ከአዱሊስ ራቅ ብሎ በሚገኝ ወሽመጥ ውስጥ ይህ ድንጋይ ከአሸዋ በታች እንደሚገኝ ይናገራል። በደቡብ ኢትዮጵያም ቆዳ ፋቂዎች በባልጩት መሣሪያ ሲሠሩ እስከ እኛ ዘመን ደርሰዋል። ቀጥቃጭ የሠራው የብረት ምላጭ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው፤ በምዕራፍ አነጋገርም ጥንታዊ ነው። በዲማ ጊዮርጊስ ወይም በደብረ ወርቅ ዳዊት የደገመ ተማሪ ሁሉ በ51ኛው መዝሙር የሐሰተኛ ምላስ በተሳለ ምላጭ ተመስሎ አግኝቶታል። ምላስና ምላጭ በአንድ ስልት የተሠሩ ስሞች መሆናቸውን ለተመለከተ ሰው ምሳሌው በአማርኛ ተጨማሪ ጣዕም አለው፤ ግጥምጥሞሹ ግን የአማርኛ እንጂ የመዝሙሩ ባለቤት አይደለም።

የጥንቱ ምላጭ ዋና ሥራ ጢም ሳይሆን ራስ ነበር። ይህን ካልተገነዘብን የቃሉን ታሪክ አንረዳም። ሕፃን ልጅ ዙሪያው ተላጭቶ በመካከል አናት ላይ የሚተውለት ጠጉር ቁንጮ ነው፤ ቃሉ ዛሬ የማንኛውም ነገር ጫፍ፣ የማንኛውም ቡድን የበላይ ማለት ሆኗል። አናቱ ተላጭቶ ዙሪያው የሚተወው ደግሞ ጋሜ ይባላል። ያላገባች ልጃገረድ የምትላጨው ሳዱላ፣ ከጠጉር አሠራር ስምነት አልፎ የዕድሜዋ ስም ሆኗል። ሐዘን ሲደርስ ሴቶች ራሳቸውን ይላጫሉ፣ ወንዶች በአንጻሩ ጢማቸውን ሳይላጩ ይሰነብታሉ። ሙስሊም ወገኖቻችን ልጅ በተወለደ በ7ኛው ቀን ራሱን ይላጫሉ። ምላጭ የዕድሜ፣ የኀዘንና የሃይማኖት ምልክት ጸሐፊ ነበረ ማለት ይቻላል፤ አንድ ሰው ገና ከሩቅ ሲታይ ልጅ ይሁን ልጃገረድ፣ ሐዘንተኛ ይሁን ደስተኛ፣ ራሱ ላይ ይነበብ ነበር።

አለመላጨትም የራሱ ቋንቋ ነበረው። በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ አርበኞች ጠጉራቸውን ሳይቈርጡ ጎፈሬ አድርገው ይዘዋወሩ እንደ ነበር የታወቀ ነው። የብቸና አካባቢ የበላይ ዘለቀ አገር በመሆኑ፣ በዚያ ጎፈሬ የሚለው ቃል ከጠጉር ዓይነትነት ይልቅ የአርበኝነት ትዝታ ሆኖ የቆየው በቀላሉ አይደለም። የዚያው ዘመን ትዝታ ምላጭን ለሌላም ትርጕም ያቀርባታል፤ የጠመንጃ ጣት መሳቢያ ምላጭ ይባላልና። ይህን ስያሜ ያገኘው በቅጥነቱና በጥምዘቱ ይመስለኛል። «ምላጩን ሳበ» ስንል የምንናገረው ስለ ጢም አለመሆኑን ለውጭ አገር ተማሪ ማስረዳት አንዳንዴ ረዘም ያለ ጊዜ ይጠይቃል።

አሁን ወደ አዲሱ ዕቃ እንምጣ። ስለት ቆዳ እንዳይቈርጥ ከጠርዙ አጠገብ መከላከያ ማድረግ የሚለው ሐሳብ የቆየ ነው፤ ፈረንሳዊው ቢላ ሠሪ ዣን ዣክ ፔሬ እ.ኤ.አ. በ1769 ስለ ጢም አላላጭ ባሳተመው መጽሐፍ አንሥቶታል። ስለቱን ግን ሳይስሉ፣ ሲደነዝዝ ጥሎ በሌላ መተካት የሚለውን ወደ ገበያ ያወጣው አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ነው። ስስ ብረት አጠንክሮ መሳል አይቻልም ይሉ የነበሩትን ባለሙያዎች ያሳፈረው ደግሞ መሐንዲሱ ዊልያም ኒከርሰን ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1901 ተቋቁሞ፣ ሽያጭ በጀመረበት በ1903 የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የፈጠራ መብቱ ተመዘገበ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ ወታደሮች 3.5 ሚሊዮን ያህል መላጫ ታደለ፤ ወታደሩም ወደ ቤቱ ሲመለስ ልማዱን ይዞ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1962 ዊልኪንሰን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የማይዝግ ብረት ምላጭ ለገበያ እስኪያቀርብ ድረስ ስለቱ ከተጠቀሙበት በኋላ ካልደረቀ ይዝግ ነበር።

ልብ ማለት የሚገባን የዚህ ንግድ ብልሃት መያዣውን አንድ ጊዜ፣ ስለቱን ሁልጊዜ መሸጥ መሆኑን ነው። በእኛ አገር ገጠር ግን ስለቱ ያለ መያዣው ቀድሞ ገባ። ምክንያቱም ስለቱ ርካሽና ለብዙ ሥራ የሚውል ነበር፤ ተማሪ እርሳስ ይቀርጽበታል፣ ልብስ ሰፊ ስፌት ይፈታበታል፣ አዋላጅ እትብት ትቈርጥበታለች፣ እንጥል የሚቈርጠውም፣ ራስ የሚላጨውም ይጠቀምበታል። ሰው ሁሉ በእጁ የሚይዛት እርሷን ብቻ ስለ ሆነ፣ የጥንቱ የቀጥቃጭ ምላጭ ስም ለእርሷ አለፈ። መያዣው ዘግይቶ በመጣ ጊዜ ስሙ ተይዞ ቆየው፤ ተናጋሪውም ከሕያው ስልት «መላጫ» ብሎ አወጣለት። የብቸናው ባለሱቅ ያስተማሩኝ ይህንን ነበር።

«የደኅንነት ምላጭ» ብንለውስ? ከባዕድ ቋንቋ ቃል በቃል ብንገለብጠው ስሙ እንደዚያ ይሆናል። ነገር ግን ሕዝቡ እንዲህ ያለውን ስም እንዴት እንደሚያወጣ የሚያሳየን አንድ ወንድም አለው፤ ይኸውም መርፌ ቍልፍ ነው። የውጭው ስም በዚያም «ደኅንነት» የሚል ቃል አለበት፤ አማርኛ ተናጋሪ ግን ደኅንነቱን ትቶ በዓይኑ ያየውን፣ መርፌነቱንና ቍልፍነቱን፣ አገናኝቶ ጠራው። ለዚህ ነው እኔ «የደኅንነት ምላጭ»ን ከካርዴ የሰረዝሁት።

ስም ያላወጣንላቸው የመላጫው ክፍሎች ናቸው፤ እነርሱም ዕቃውን መርጦ ለመግዛት ያስፈልጋሉ። በብዛት የሚገኘው መላጫ ሦስት ክፍል አለው። ከላይ ስለቱን የሚጫን ክዳን፣ ከሥር ስለቱ የሚያርፍበት ሰሌዳ፣ ሁለቱን በብሎን የሚያጣብቅ እጀታ ናቸው። የሰሌዳው ጠርዝ ወይም እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለው ነው፣ ወይም ድፍን ከንፈር ነው። ጥርስ ያለው ረጅም ጢም ለሚላጭ ይመቻል፤ ለጀማሪ ግን ስለቱን ይበልጥ የሚሸፍነው ድፍን ከንፈሩ ይሻላል። ስለቱ በሁለቱም ጎን እኩል ብቅ ማለቱን ከፊት ለፊት አይቶ ማረጋገጥ ይገባል፤ አንዱ ጎን ከበዛ ክዳኑ ጠሟል ማለት ነው። እጀታው ደግሞ በእርጥብ እጅ የማያንሸራትት ይሁን። ምላጩ ራሱ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ክዳኑ አጥብቆ ካልያዘው ይርገበገባል፤ የሚቈርጠውም ርግብግቢቱ ነው።

አላላጩ ከዕቃው ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጢም በሙቅ ውኃ ካልራሰ ጠንካራ ነው፤ ሳሙናው አረፋ ሆኖ ጥቂት ይቆይበት። መላጫውን ከጉንጭ ጋር 30 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ፣ ሳይጫኑ፣ በራሱ ክብደት እንዲወርድ ማድረግ ነው። የጥንት ላጭ ምላጩን ይጫን ስለ ነበር ይህን ልማድ መተው ለብዙዎች አስቸጋሪ ነው፤ እኔም የተማርሁት በደም ነው። ዋናው ነገር ጢሙ ወደ በቀለበት አቅጣጫ መላጨት ነው። የእኛ ዓይነቱ የሚጠቀለል ጢም ወደ ኋላ ተገፍቶ በጣም አጥሮ ሲቈረጥ፣ ጫፉ ታጥፎ ቆዳ ውስጥ ተመልሶ ይበቅልና አንገት ላይ ቡግር ያወጣል። ለስላሳ አገጭ የሚመኝ ጎረምሳ ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል፤ ነገር ግን ጥቂት ሻካራ ጉንጭ ከቈሰለ አንገት ይሻላል። ሲጨርሱ በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ፣ የተቈረጠ ካለ ሸብ ማስነካት፣ መላጫውን ፈታትቶ ማድረቅ።

የሁለቱ ስሞች መለየት ከመዝገበ ቃላት ውጭ ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው መልሱ እነሆ። በኢትዮጵያ የኤድስ ሕሙማን መጀመሪያ በ1978 ዓ.ም. ከታወቁ በኋላ፣ ስለታም ነገሮችን በጋራ አለመጠቀም በየቀበሌውና በየትምህርት ቤቱ ተነግሯል። በዚያን ዘመን ሞጣ ውስጥ ካንድ ጠጉር አስተካካይ ወንበር ላይ ተቀምጬ «ምላጩን ቀይረኸዋል?» ብዬ ብጠይቀው «አዎን ጋሼ፣ አዲስ ነው» አለኝ፤ እውነቱንም ነበር። መያዣው ግን ከፊቴ ከተነሣው ሰው የቀረ አረፋና ጠጉር በክዳኑ ሥር ይዞ ነበር። ሁለታችንም አልዋሸንም፤ በትምህርቱ ውስጥ የተጠቀሰው ምላጭ ስለነበር መላጫውን ያሰበው አልነበረም። ደም በስለቱ ላይ ብቻ ሳይሆን ስለቱ በሚጣበቅበት ስንጥቅም ውስጥ ይቀራል፤ የጉበት በሽታ ተዋሲም እንዲሁ በደም ይተላለፋል። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ የሚጽፍ ሰው «ምላጭም መላጫም» ብሎ ቢጽፍ የሚያባክነው አንድ ቃል ብቻ ነው።

ስለዚህ በካርዴ ላይ ያሰፈርሁት ፍቺ ይህ ነው። ምላጭ፦ 1. ጠጉር ወይም ጢም የሚላጩበት ስለት፤ ዛሬ በተለይ ሁለት ጠርዝ ያለው ስስ ብረት። 2. የጠመንጃ ጣት መሳቢያ። መላጫ፦ ምላጭ ገብቶበት ጢም የሚላጩበት ባለ እጀታ መሣሪያ። ሁለተኛው ፍቺ እንዳሰብሁት አልጸናልኝም። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በዓለም ገበያ የተስፋፋው፣ እጀታውና ስለቱ በፕላስቲክ አንድ ሆነው የሚጣሉት ዓይነት፣ ዛሬ በብቸናም በሞጣም ሱቅ ተሰቅሎ ይታያል። ምላጭ አይገባበትም፤ ከእርሱም አይወጣም። «ምላጭ ገብቶበት» የሚለውን ሐረግ ሰርዤ «ምላጭ ያለበት» ብዬ ጽፌአለሁ። ጠጉር ቤቶች ቶንዶስ የሚሉት የጠጉር ማሽን ካርድ ደግሞ ገና ባዶ ነው።