የፊደል ገበታና የጋራ ቁጥር

እንደሚታወቀው ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በመልኩ ሳይሆን በቁጥሩ ነው። ሰው «ሀ» ብሎ ሲጽፍ መሣሪያው የሚያስቀምጠው ለዚያች ፊደል የተመደበላትን ቁጥር ነው፤ መልኳን የሚሥለው ፎንት የተባለው የቅርጽ መዝገብ ነው። ስለዚህ ጸሐፊና አንባቢ በቁጥሩ ካልተስማሙ፣ አንዱ የጻፈው ለሌላው ፍቺ የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ኮምፒዩተር የገባበት ታሪክም በአብዛኛው ይህን ስምምነት የመፈለግ ታሪክ ነው።

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ካዘጋጁት ቀደምት ባለሙያዎች አንዱ አቶ ፍስሐ አጥላው ነበሩ። በ1990ዎቹም ፓወር ግዕዝንና ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች በየመሥሪያ ቤቱ ተሠራጩ። የዚያን ዘመን ፎንት ግን ከ256 የሚበልጥ ቦታ አልነበረውም። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲታከሉ ቦታው ይጠባል። በዚህም ምክንያት አንዱ አዘጋጅ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው ቅርጾቹን ከቁርጥራጭ ገጣጠማቸው። እያንዳንዱ መፍትሔ ለብቻው ሲታይ ብልሃት ነበረ፤ በአንድነት ሲታዩ ግን ባቢሎን ሆኑ። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ «ሴራ» የተባለውን ዘዴ ያዘጋጁት የግዕዝን ፊደል በላቲን ሆሄያት ወክሎ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ ለማሻገር ነበር።

ዘላቂው ስምምነት የመጣው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዓመት ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት የኢትዮጵያን ፊደል በማሻሻያ አጸደቀ፤ በ1999 ደግሞ ዩኒኮድ በ3ኛው እትሙ 345 ምልክቶችን መዘገበ። «ሀ» በአሥራ ስድስት መሠረት አቆጣጠር 1200 ቁጥርን ያዘች። ለእያንዳንዱ ፊደል ስምንት ቦታ ተደልድሎ ሰባቱ ለሰባቱ ቤቶች ሲውሉ፣ ስምንተኛው እንደ «ሏ» ላሉት ተሰጠ። የሀ ስምንተኛ ቦታ ባዶ ቀርቶ በ2005 «ሇ» ገባችበት። በዚያው ዓመት ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ ለብሊንና ለመኤን፣ በ2010 ለጋሞ ጎፋ ዳውሮና ለባስኬቶ፣ በ2021 ደግሞ ለተሻሻለው የጉራጌ ጽሕፈት ቦታ ተሰጠ። ድምሩ 523 ደረሰ።

ከዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው፣ አንድ ጊዜ የተሰጠ ቁጥርና ስም የማይለወጥ መሆኑ ነው። በ2005 የተመዘገበ አንድ የቅንፍ ምልክት በእንግሊዝኛ ስሙ ውስጥ ሁለት ሆሄያት ተዛንፈውበት ሳለ፣ ስሕተቱ ታውቆም እንዳለ ይኖራል። የጉራጌ ጽሕፈት በተሻሻለ ጊዜም የቀድሞዎቹ ቁጥሮች አልተነኩም፤ አዲሶቹ በሌላ ስፍራ ተመደቡ። ደንቡ ግትር ቢመስልም በቀድሞው ቁጥር የተጻፈውን ሁሉ የሚጠብቀው እርሱ ነው።

ብዙ እጅ የሚሠራበት ሌላ ሥራም ወደዚሁ ደርሷል። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው ሊኑክስ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች የሚያሻሽሉት ሥራ ነው። የየክፍሉ ጠባቂ የቀረበለትን ለውጥ መርምሮ ያለፈውን ወደ በላዩ ያስተላልፋል፤ የመጨረሻው ማዋሐድ የቶርቫልድስ ነው። በ2005 የሠራው ጊት ሁሉም የሥራውን ሙሉ ታሪክ በእጁ ይዞ ለብቻው እንዲሠራ፣ ኋላም ከሌሎቹ ጋር እንዲያዋሕድ አስችሏል። ከደንቦቹ ዋነኛው፣ ተጠቃሚው ቀድሞ የሚሠራበትን ፕሮግራም የሚያበላሽ ለውጥ የለዋጩ ጥፋት መሆኑ ነው።

ሁለቱ ሥራዎች የሚለዩት በአንድ ነገር ነው። በሊኑክስ ያልሠመረ ለውጥ ሊመለስ ይችላል፤ በፊደል መዝገብ ግን መመለሻ የለም። ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ አስቀድሞ ማለቅ አለበት፤ ለአንዲት ፊደል ቦታ ለማግኘትም ዓመታት ይወስዳል።

ዛሬ ከለቡ መብራት ኃይል በእጅ ስልክ የተላከ የአማርኛ መልእክት ዋሽንግተን ላይ ሳይዛነፍ ይነበባል። በ1990ዎቹ ፎንቶች ተጽፈው በየመዝገብ ቤቱ የቀሩት ሰነዶች ግን መለወጫ ፕሮግራም ይሻሉ፤ የጥንቱ የቁጥር ሰንጠረዥ ከጠፋም ጽሑፉ ሳይጠፋ ንባቡ ይጠፋል። በጊዜው ያልተስማሙ ሰዎች ዕዳ የሚከፈለው በልጆቻቸው ዘመን ነው።